ዱቡሻ በጀርመን

የካቲት 4
አቧራ... መብራትም የለም። ከሰሜን ጀርመን እንግዶች በ20 ይመጣሉ። ሶዶ አድረው ወደኛ ይወጣሉ፤ ከተሞቻችን እህትማማች ሊሆኑ ነው አሉ። የማዘጋጃ ቤት አለቃዬ አቶ ጌታሁን የከተማቸውን ታሪክ በእንግሊዝኛ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ "ሜላት፣ አማርኛ አድርጊው፤ አዳራሽ ውስጥም አንቺ ነሽ የምታስተረጉሚው" ብሎኝ ሄደ።

ኤልምዛንድ ትባላለች። ከኛ ብትበልጥ በጥቂት ነው። የቀይ ሸክላ ቤተ ክርስቲያን፣ በነፋስ የሚሠራ ወፍጮ፣ የድሮ የጨው መጋዘን። ባሕሩ እየመጣ ግማሿን ይወስዳታል፤ እነሱ ተመልሰው እዚያው ይሠራሉ። ምን ዓይነት ግትሮች ናቸው? ወደድኳቸው።

የካቲት 7
አንድ ዓረፍተ ነገር አላልፍ አለኝ። ገበያቸው ዳር ሊንደን የሚሉት ትልቅ ዛፍ አለ። ድሮ ሽማግሌዎች ከሥሩ ተቀምጠው ይፈርዱ፣ የተጣላ ያስታርቁ ነበር። በዓለም ጦርነት ጊዜ ማገዶ ጠፍቶ ሰው በብርድ ሲያልቅ እንኳ አልቆረጡትም። ቦታውን ምን ልበለው? ችሎት? አይሆንም...

እራት ላይ ለአባዬ ነገርኩት። ሳቀ። "ዱቡሻ ነዋ! ፈረንጅም ዱቡሻ አለው?" እውነትም! በኛ በወላይታ አባዬና እኩዮቹ ሾላው ሥር ተሰብስበው የሚሸመግሉበት ማለት አይደል? ዱቡሻ ብዬ ጻፍኩ። እንዴት ደስ አለኝ።

የካቲት 10
አቶ ጌታሁን አስጠራኝ። በሩን ዘጋው።

"ይህን ቃል አውጪው። አደባባይ በይው።"

"ለምን?"

"አውጪው አልኩሽ።"

ቆይቶ ራሱ ነገረኝ። የኛ ሾላ ያለበት ቦታ ለሆቴል ተሰጥቷል። ፕላኑ ላይ "ክፍት ቦታ" ነው የሚለው። ቃሉ አዳራሽ ውስጥ ከተነሣ ሰው ሁሉ የኛን ሾላ ያስባል፤ ዱቡሻ ከተባለማ ማን ይነካዋል? በባህላችን መሬቱ አይታረስም፣ ዛፉም አይቆረጥም። እንግዶቹ በሄዱ ማግስት መጋዝ ይመጣል። "ኮንትራትሽ በሰኔ ያልቃል አይደል?" አለኝ ፈገግ ብሎ። ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ።

የካቲት 11
አደባባይ ብዬ ቀየርኩት። በባጃጅ ሻንቶ ከተማ ሄጄ አሳተምኩ። ፈሪ ነኝ።

የካቲት 15
አባዬ ለገበያው ሁሉ አውርቷል። "ጀርመንም ዱቡሻ አለ፤ ልጄ ናት የምትናገረው።" ሊሰሙ ሊመጡ ነው። ምን ይውጠኛል?

ዛሬ ደግሞ ሾላው ላይ የሚቆረጥ ዛፍ ምልክት፣ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። አባዬ ምሳውን ሳይነካ፣ "ማን ቀባው? መሥሪያ ቤት ምንም አልሰማሽም?" አለኝ። አልሰማሁም አልኩ። ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

የካቲት 19
ነገ ነው።

የካቲት 20
አዳራሹ ጢም ብሏል። እንግዳዋ ወይዘሮ ኢንገ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ እኔ በአማርኛ። ቤተ ክርስቲያኑ አለፈ። ወፍጮው አለፈ። ጎርፉም... ዛፉ ጋ ደረስን። ወረቀቴ አደባባይ ይላል። አቶ ጌታሁን አጠገቤ፣ ሽቶው ይሸተኛል። አባዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል።

"ዱቡሻ" አልኩ።

ከዚያ አባዬ ተነሣ፤ በወላይትኛ ነው የተናገረው። "እነሱ በብርድ እያለቁ አልቆረጡም። የኛን ቀይ የቀባው ማን ነው? ለእንግዳችን ንገሪልኝ።"

አቶ ጌታሁን ክንዴን ጨበጠኝ። "እንዳትተረጉሚ!"

ተረጎምኩ። ወይዘሮ ኢንገ ቦርሳቸውን አነሡ። የኛን ሾላ ማየት ይፈልጋሉ። አዳራሹ በሙሉ ተከተላቸው።

የካቲት 22
መጋዙ አልመጣም። እኔ ግን ከሥራ ተባረርኩ... ሰኔን እንኳ አልጠበቁም። አለቀስኩ፤ ለምን እዋሻለሁ?

ከሰዓት ሽማግሌዎቹ አቶ ጌታሁንን ሾላው ሥር ጠሩት። ዱቡሻ የጠራው አይቀርም። እሱም የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ መጣ። እኔ ዳር ላይ ቆሜ ነበር። አባዬ ነው የጠየቀው፣ ቀስ ብሎ።

"ልጄ፣ አሁን የተቀመጥክበት ቦታ ምን ይባላል?"

ቀዩን ቀለም አየ። እኔን አየ። እዚያ ተቀምጦ የሚዋሽ የለም።

"ዱቡሻ" አለ።