ቫልቮቹን አትላኪለት

ጥር 19 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ውድ ልጄ፣ የእኔ ሆድ፣

እንዴት ነሽልኝ? ባልሽስ? ያ ሳል ለቀቀው ወይስ አሁንም ሐኪም ቤት አልሄድም እያለ ያስቸግርሻል? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ለወጉ ነው፤ ዛሬ ግን ከወጉ አለፍ ብዬ ልነግርሽ ተቀምጫለሁ። በዚህ ዘመን ደብዳቤ ሲደርስሽ ክው ብለሽ ይሆናል። አይዞሽ፣ የሞተ የለም። አባትሽ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ዘንድ ወሬ ሊያይ ሄዷል፤ እሱ እስኪመለስ ልጨርሰው።

ባለፈው እሑድ ስትደውዪ፣ "እማዬ፣ አባዬ እስከ መቼ ነው የሚያኮርፈኝ?" ብለሽ አለቀስሽ። እኔም መላ ሲጠፋኝ "ተይው፣ ይበርድለታል" ብዬ ዘጋሁት። ሳምንቱን ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ እየደረደርኩ ለቅሶሽ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ልጄ፣ አባትሽ አላኮረፈሽም። አባትሽ አይሰማሽም።

ይኸው ወጣልኝ። ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስምሎኝ ነበር። ትንፍሽ አላልኩም፣ ጻፍኩት እንጂ፤ ፈጣሪ ልዩነቱን እንዲያይልኝ እለምነዋለሁ።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንደምትይ አውቃለሁ። ከማይሰማ ሰው አጠገብ ምን ያስፈራል ትያለሽ። አፍ ያነባልኮ! ስልክ ሳወራ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ከንፈሬን ከንፈሬን ያያል። ጀርባዬን ካዞርኩ ደግሞ "ምን እያልሽ ነው የምታሚኝ?" ይለኛል። ማድ ቤት ገብቼ ላውራ ብል ተከትሎኝ ይመጣል። ስለዚህ የቀረችኝ መንገድ ይቺው እስክሪብቶ ነች።

አባትሽ ሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ ሲያስተካክል ዕድሜውን የፈጀው በጆሮው ነው። ዜና አንባቢው "ጤና ይስጥልኝ" ሲል ጉንፋን ሊይዘው መሆኑን ከባለቤቱ በፊት የሚያውቅ ሰው ነበር። ያ ጆሮ ነው እንግዲህ ጥሎት የሄደው። ያየችው የጆሮ ሐኪም እንዳለችው መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ቀጭኑ ነው፤ የወፉ፣ የስልኩ ጥሪ፣ የሴቱና የሕፃኑ ድምፅ። ወፍራሙ ይቆያል። "ከልብስ ሰፊው ጋር ሲሳሳቅ በስልክ እሰማዋለሁ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ነው አፉ የሚዘጋው" ብለሽኝ አልነበር? እውነትሽን ነው። የልብስ ሰፊው ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው፣ እሱን ይሰማዋል። አንቺ ደግሞ የእኔን ጉሮሮ ወረስሽ። እንዲህ እንደሚሆን ባውቅ ከሌላ ሰው አስወርስሽ ነበር።

አውሮፕላን ማረፊያ "እንግዲህ የራስሽ ጉዳይ" ብሎሽ ስለተለያያችሁ ቂም ይዞብኛል ብለሽ ደመደምሽ። የዚያን ቀን ተናዶ ነበር፣ አልዋሽሽም። የእሱን ሙያ ትይዣለሽ ብሎ ስንት ዓመት አልሞ ሻንጣ ስትይዢ ምን ይበል? በማግስቱ ግን የማትተኚበትን አልጋሽን ሲያነጥፍ አገኘሁት። ቂመኛ ሰው አልጋ አያነጥፍም።

መጀመሪያ የደወልሽ ዕለት ስልኩን ከእጄ ነጥቆ ነው ያናገረሽ። "ሥራ ጀመርሽ?" አለሽ። አንቺ "አሞኝ ተኝቻለሁ" ስትይው እሱ "ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ! በርቺ!" አለሽ። ዘጋሽበት። እኔም በቦታሽ ብሆን እዘጋለሁ። በኋላ ምን እንዳልሽው አፌን እያሳየሁ ስነግረው ተቀምጦ ጫማውን ሲያይ ቆየ። "ዳግመኛ ልጄ ታማ ጎሽ አልላትም" አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስልክ አይነካም። "አባዬን አገናኚኝ" ስትዪ ተነስቶ ወደ ጓዳ የሚገባው ለዚህ ነው።

ጆሮ ላይ የሚደረገውን መሣሪያ ሐኪሟ ሰጥታው ነበር። አንድ ቀን አድርጎት ዋለና "ዓለሙ ሁሉ ቆርቆሮ ሆነ" ብሎ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። ሌላ ሰው ቢሆን ይለምደው ነበር፤ ሐኪሟም ቀስ እያለ ይለመዳል ብላለች። ለአባትሽ ግን ቆርቆሮ የሚል ድምፅ ከመስማት ምንም አለመስማት ይሻላል። ክብሩ ነው፣ ምን ላድርገው።

ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ አምፕሊፋየሯ ላይ ጣለው። በሕፃንነትሽ "የመብራቶቹ ቤት" የምትያት፣ በእጁ የሠራት፣ ሄድፎን የሚሰካባት። ሁለቱ ቫልቮች፣ እነዚያ አምፖል የሚመስሉት፣ ዛሬም ሲሞቁ ቀላ ይላሉ። ቫልቭ ሲያረጅ ድምፁ ይደበዝዛል፣ መለወጥ አለበት ይላል። እውነት ነው፣ ያረጃል። ግን አባትሽ ይህችን እውነት ይዞ አለቅም አለ። አንዱን ጥንድ ያወጣል፣ ሌላውን ያስገባል። "ይሄኛው ቀጭኑን ድምፅ ይበላዋል" ይላል። ደግሞ ሌላ ያስገባል፤ "ይሄም በላው!" አንድም ያልበላ የለም። በእኔ በኩል ሌላ ጥንድ ላኪልኝ ያሰኘውም ይኸው ነው። አንቺም "ከእኔ ዕቃ እንጂ ድምፅ አይፈልግም" ብለሽ አዘንሽ። ምን ሊሰማበት እንደሚፈልገው ብታውቂ እንዲህ አትዪም ነበር።

ስልኩን ከዘጋሽበት በኋላ የላክሽለት የድምፅ መልእክት አለ። "አባዬ፣ እኔ ነኝ። ስለዘጋሁብህ ይቅርታ። አሁን ተሽሎኛል። ድምፅህን ልስማና ልተኛ።" ቃሉን ያውቀዋል፤ አፌን እያየ ስንት ጊዜ እንዳስደገመኝ አልነግርሽም። "እሱ ያንቺ አፍ ነው፣ እኔ የእሷን ነው የምፈልገው" ይለኛል። ቫልቭ የሚቀያይረው ያንን ለመስማት ነው።

እኔ ደግሞ ደክሞኛል፣ ልጄ። ቀን ተማሪዎቹን "ዝም በሉ" ስል እውላለሁ፣ ቤት ገብቼ ስጮህ አመሻለሁ። "ጨው አቀብለኝ" ለማለት እንኳ ሳንባዬን አዋጣለሁ። ባለፈው ከላይ ያለችው ጎረቤታችን ተጣሉ ብላ ልታስታርቀን መጣች። አባትሽ የመጣችበት ጉዳይ ስላልገባው ፈገግ ብሎ ወንበር ሰጣት፤ እሷም አስታረቅኩ ብላ ደስ ብሏት ሄደች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የላክሽው ጥንድ ረቡዕ ደረሰ። እኔ "ሙሽሮቹ መጡ" አልኩት፣ ጥንድ ጥንድ ስለሆኑ እንዲያ እላቸዋለሁ። አምፕሊፋየሯን አጥፍቶ እስክትቀዘቅዝ ጠበቀ። የጣቱ ቅባት እንዳይነካቸው ነጭ ጓንቱን አደረገ። አሮጌዎቹን ቀስ እያለ እያነቃነቀ አወጣቸው፤ የአዲሶቹን እግሮች በመነጽር አየ፣ ቦታቸውን ፈልጎ አስገባቸው። እጁ አሁንም አይንቀጠቀጥም። እስኪሞቁ ቁጭ አለ። ከዚያ ስልኬን ተቀብሎ በገመድ አገናኘና ሄድፎኑን አድርጎ የአንቺን መልእክት ከፈተ።

ድምፅሽ ክፍሉን ሞላው። ገመዱ ስልኬ ውስጥ በደንብ ስላልገባ ድምፁ የሚወጣው ከሄድፎኑ ሳይሆን ከስልኩ ነበር። "አባዬ፣ እኔ ነኝ" ስትይ እኔ በር ላይ ቆሜ ሰማሁሽ። ልብስ ሰፊውም በግድግዳው ሳይሰማሽ አይቀርም። አባትሽ ሄድፎኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሮሽ ይል ነበር። አንቺ ጨርሰሽ ክፍሉ ዝም ካለ በኋላ እሱ ገና "ተሽሎኛል" ላይ ነበር። ጨረሰና "መጣች! ይሄ ጥንድ አልበላትም!" ብሎ ጮኸ። እንደገና ከፈተው። ዓይኑን ሲጨፍን ሄጄ ገመዱን ቀስ ብዬ እስከ ውስጥ ሰካሁት። ድምፅሽ ከክፍሉ ጠፍቶ ወደ ሄድፎኑ ገባ። ፊቱ ላይ የተለወጠ ነገር የለም። ያው ፈገግታ፣ ያው ከንፈር።

ማድ ቤት ገብቼ የታጠበ ሳህን ደግሜ አጠብኩ።

ስለዚህ ሌላ ጥንድ ቢያስጠይቅሽም ቫልቮቹን አትላኪለት። ከቻልሽ አንቺው ነይ። ፈቃድ የምታገኚበትን ጊዜ ንገሪኝና ቀኑ በሁለታችን መካከል ይቆይ። ስትመጪ እንደ እኔ አትጩሂ፤ መጮህ ድምፁን ይበልጥ ያቀጥነዋል ብላለች ሐኪሟ። ፊት ለፊቱ ተቀመጪና በቀስታ አውሪው። ከንፈርሽን በደንብ ያየዋል፤ ከእኔ ይልቅ ያንቺን ለማንበብ እንደሚፈጥን ታያለሽ። ያንን የመሳቢያውን መሣሪያም አንቺ ብታደርጊለት ቆርቆሮነቱን የሚታገሥ ይመስለኛል። ወንበርሽን ብርሃኑ ፊትሽ ላይ እንዲያርፍ ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ። ለምን እንዳዞርኩት ጠይቆኝ "ለመጥረግ" አልኩት።

በሩ ተከፈተ፣ መጣ። ደብዳቤውን በመጽሐፍ ሸፈንኩት፣ ግን እጄ ላይ ያለውን እስክሪብቶ አየ።

"ለእሷ ነው?" አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ።

"ቫልቮቹ ግሩም ናቸው በያት" አለኝ። "ድምፅሽ ጥርት ብሎ ደርሶኛል በያት። አንዲት ቃል አላመለጠችኝም በያት።"

ይኸው ብዬሻለሁ።

ቤትሽ ይሙቅልሽ፤ ባልሽን ከሳሉ ይማርልሽ። ተጣርተሽ አቤት የሚልሽ አትጪ።

የምትናፍቅሽ እናትሽ