አንድ ፊት ሳይጠራላቸው ያረፉት የጋሽ ብዥታ የሕይወት ታሪክ

ጎረቤታቸው ወደ ልብስ ስፌት ሱቁ ብቅ ብለው «ቶሎ ና፣ ቤትህ እንግዳ መጥቶልሃል» ሲሏቸው፣ ልብስ ሰፊው የሚቸኩል ደንበኛ መስሏቸው «ኮቱን ልጨርስና እመጣለሁ፣ ወንበር ስጡት» ብለው መለሱ። እንግዳው ግን ገና የተወለደ ወንድ ልጅ ነበር። በኋላ ሠፈሩ ሁሉ ጋሽ ብዥታ እያለ የጠራቸው ፎቶ አንሺ፣ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና በትምህርት ቤት ጽዳት ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው በኅዳር ወር 1949 ዓ.ም. የተወለዱት እንዲህ ነበር። እናታቸው ያቺን የወንበር ነገር ዕድሜ ልካቸውን እያነሡ በባለቤታቸው ይስቁ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እናታቸው በሚያጸዱት ትምህርት ቤት ገብተው ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀቁ። በ1967 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለ ፎቶ ቤት ተቀጠሩ። እዚያም ኔጌቲቭ የሚባለውን የታጠበ ፊልም በቀጭን ብሩሽና በሹል እርሳስ ማስተካከልን፣ የሚያለቅስ ሕፃንንም ቁልፍ እያንቃጨሉ ወደ ካሜራው ማዞርን ተማሩ። ኋላም ፎቶ ቤቱን ከባለቤቱ ተረክበው እስከ ሕመማቸው ድረስ ሠሩበት።

በ1974 ዓ.ም. ለመታወቂያ ፎቶ ሊነሡ የመጡ አንዲት የፋርማሲ ሠራተኛን «አገጭዎን ትንሽ ቀና ያድርጉ» ሲሏቸው፣ ሠራተኛዋ «ቀና ያለ አገጭ ከፈለጉ ሌላ ሰው ይፈልጉ» ብለው አሳቋቸው። በዚያው ዓመት ተጋቡ።

በ1976 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጃቸውን፣ ወንድ ልጅ፣ ወለዱ። ፎቶ አንሺው ግን ልጁ እስኪጠነክር ድረስ ካሜራ ፊት አላቀረቡትም። በመጨረሻ ከአንድ ደንበኛ ፊልም ጫፍ ላይ ለፎቶ የሚሆን ቦታ ሲተርፍ፣ ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አነሡት። ፊልሙ ሲታጠብ ፎከሱ አገጩ ሥር በታጠፈው ብርድ ልብስ ላይ ዐርፎ ተገኘ። የብርድ ልብሱ ክር አንድ በአንድ ይለያል፣ የልጁ ፊት ግን ጥቂት ብዥ ብሏል። «ምን ያሳስብሻል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግመን እናነሣዋለን» አሏቸው ባለቤታቸውን። ሕፃኑ ሳምንቱ ሳያልቅ በሳንባ ምች ሞተ። ሌላ ፎቶ የለውም።

ከዚያ በኋላ አንዲት ሴት፣ ቀጥሎም አንድ ወንድ ልጅ ወልደው አሳደጉ፤ አስተማሩ። ኮምፒውተር ወደ ፎቶ ቤቶች ሲገባ ብዙዎቹ የሙያ ጓደኞቻቸው ሥራውን ሲተዉ፣ እርሳቸው ከልጆቻቸው እኩዮች ጎን ተቀምጠው ተማሩ። ጥቂት ብዥ ያለ የሕፃን ፎቶ ያለው ሁሉ ወደ እርሳቸው መምጣት ጀመረ። ቅጽል ስማቸውም ከዚሁ የመጣ ነው። ዓይንንና የከንፈርን መስመር ለብቻ ያጠራሉ፣ ጉንጭን ግን ሲጠራ የተሸበሸበ ስለሚመስል አይነኩም ነበር። አንዲት ወጣት እናት «ጋሼ፣ ጉንጩንም አጥሩልኝ እንጂ» ብላ ብታስቸግራቸው «የምትፈልጊው ልጅሽን ነው ወይስ አያትሽን?» አሏት። ሳቀች፤ ጉንጩም እንዳለ ቀረ።

የራሳቸው ልጅ ፎቶ ግን እምቢ አላቸው። ኔጌቲቩን ወደ ኮምፒውተር አስገብተው ባጠሩት ቁጥር ብርድ ልብሱ ይበልጥ ይጠራል፣ ፊቱ ግን አሸዋ አሸዋ ይላል። ባለቤታቸው ከሥራ ሲመለሱ ገና ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ «ዛሬስ?» ይሉ ነበር። «ዛሬም» ይሏቸዋል።

በ2004 ዓ.ም. መላው ሲጠፋቸው የሴት ልጃቸውን የሕፃንነት ፎቶ አወጡ፤ ዓይኖቿንም ወስደው በወንድሟ ፊት ላይ አስቀመጡ። መጋጠሚያው ፈጽሞ አይታወቅም ነበር። ባለቤታቸው ፎቶውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው አለቀሱ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ተጠግተው ደግመው አዩት።

«አንተ ሰውዬ፣ ይቺ እኮ ሴቷ ናት» አሉ። «የቀረችልኝን ልጅ ዓይን ለሄደው ሰጠኸው? እሱስ የት ገባ?»

ፎቶ አንሺው ያንን ፎቶ አጠፉትና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ባለቤታቸው ግን ከዚያ ወዲህ «ዛሬስ?» ብለው አልጠየቁም።

በ2014 ዓ.ም. የስኳር ሕመማቸው በርትቶ ኩላሊታቸውንና ዓይናቸውን ጎዳ። እይታቸው ሲደክም ምስሉን እያጎሉ፣ አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ እየተጠጉ መሥራታቸውን ቀጠሉ። ሆስፒታል ሲተኙም ላፕቶፓቸውን አስመጡ። ነርሷ «አባባ፣ ይረፉ እንጂ፣ ይሄ ነገር ምን ይሠራልዎታል?» ብትላቸው «አንድ ፊት ቀርቶኛል» ይሏት ነበር።

በመጨረሻ ማየት ሲያቅታቸው ባለቤታቸውን ወደ አልጋው አስጠጉ።

«አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ በእጄ እሠራዋለሁ። ዓይኑ እንዴት ነበር?» አሏቸው።

ባለቤታቸው «እኔ እኮ ከረሳሁት ቆየሁ» አሉ። «አንተ እስክታሳየኝ ነበር የምጠብቀው።»

ፎቶ አንሺው እጃቸውን ከላፕቶፑ ላይ አነሡ። ከዚያ በኋላ አልነኩትም።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 17 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ሴት ልጃቸው፣ ወንድ ልጃቸውና አንዲት የልጅ ልጃቸው በሐዘን ላይ ይገኛሉ። የደከመ ዓይናቸውን ፈጣሪ ያሳርፍላቸው፤ ከሩቅ ሲፈልጉት የኖሩትንም ፊት ከቅርብ ያሳያቸው።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ባለቤታቸው የመጀመሪያ ልጃቸው ፎቶ ምንም ሳይነካ አብሮ እንዲወጣ ጠየቁ፤ በጀርባው ገጽ ላይ ታትሟል።