ተሸናፊ ይጠርጋል

ሎሬይን ጓዴ፣

የእኛ ሰፈር የሲሚንቶ ቴኒስ ሜዳ ዱካ አይዝም፤ የዚህኛው ግን የተፈጨ የምስጥ ኩይሳ ስለሆነ የረገጠውን ሁሉ ያጋልጣል። ተሸናፊ ይጠርጋል፣ ደንብ ነው። ያረፍኩት ወዳጃችን ኖርማ ቤት ነው። ዛሬ ማለዳ ብቻዋን ወደ ባዶው ሜዳ ኳስ እየለጋች ነጥብ ስትቆጥር አየኋት። “አሸነፍኩት!” አለችና መጥረጊያ ሳንነካ ለሻይ ገባን። ስንወጣ ሜዳው ተጠርጎ ለስልሷል፤ የሰው ዱካ ግን የለበትም።

“ማን ጠረገው?”

“ክላይቭ ነዋ፣ ባሌ!”

አምና አብረን የቀበርነው ክላይቭ!

“አንድ ቀን እንኳ ጨዋታውን ብትለቂለት ምናለ? ይረፍ እንጂ!”

“ካሸነፈማ” አለች ራኬቷን እየጠራረገች፣ “ምን ሊያመጣው?”

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ባልሽን ዴዝን ሳሚልኝ። ስመለስ እኔም ጨዋታ አልለቅልሽም።

ያንቺው ግሌኒስ