ከተቆለፈው ቦኖ ደጃፍ ስለ ጨረቃው ውሃ የተሰጠ አስተያየት

ለተከበሩ የውሃ ጉዳይ ኃላፊያችን
ካሉበት

እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ጤናዎ፣ መኪናዎ ሁሉ ደኅና ነው ወይ? እኛ ከብልባላ ማዶ ያለነው ከናፍቆትዎና ከውሃ ጥም በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰብስበውን፣ ተሠርቶ ያለቀው ቦኖ ትልቁ እንግዳ መጥተው እስኪመርቁት ድረስ ተቆልፎ እንደሚቆይ ነገሩን፤ ፊታችን ሲጠቁር ቢያዩ ደግሞ ጨረቃ ላይ ውሃ መገኘቱን አብስረው አጽናኑን። ስለዚህ ውለታዎ ምስጋናችን ወሰን የለውም። አስተያየታችሁን በጽሑፍ አቅርቡ ባሉት መሠረት፣ የሰንበቴው ጸሐፊ እኔ ደሳለ የሕዝቡን ቃል እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ዜናውን የተጠራጠረ ሰው የለም። ውሃ እንዳለ እየታወቀ የማይጠጣበትን ቦታ እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን። ጆሯችንን ከቦኖው የብረት በር ብናስጠጋ ውስጥ ሲንፎለፎል እንሰማዋለን። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲባል ተረት ይመስለን ነበር።

ሁለተኛ፣ ወይዘሮ ይማርሽ ጨረቃ ላይ ሰው እንደሌለ ሲነገራቸው፣ ወረፋ የሌለበት አገርማ ልጄን እድርበታለሁ ብለዋል። ውሃው በጥላ ውስጥ በረዶ ሆኖ የተቀመጠ ነው ብንላቸውም፣ በረዶ አንድ ቀን ይቀልጣል፣ የእኛ ቁልፍ ነው የማይቀልጠው ብለው ረቱን።

ሦስተኛ፣ አባ ወልደ ሩፋኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ለመሆኑ ያኛውስ ተመርቋል?» ጥያቄውን ለክቡርነትዎ አስተላልፌአለሁ። ካልተመረቀ ግን ፈረንጆቹ ያለ ሪባን፣ ያለ ድንኳንና ያለ ሙክት ውሃ አገኘን ማለታቸው ትልቅ ድፍረት ስለሆነ፣ በደብዳቤ ቢገሥጹልን።

ለሚቀጥለው ነገር ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። ጎረቤቴ ባንቺዓለም አራስ ናት። ባሏ ለሥራ ወደ ኮን ከተማ ስለሄደ፣ ጀሪካን አዝላ ወንዝ ስትወርድ አዳልጧት ወደቀችና ክንዷ ተሰበረ። አሁን ልጇን ስታጠባ እንኳ ሰው ነው የሚያቅፍላት። የወደቀችው ከቦኖው በር ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ክቡርነትዎ፣ በጣም ተናድጃለሁ። ይቅርታዎን እየለመንኩ ወደ ጨዋነቴ እመለሳለሁ።

እንግዲህ ልመናችን አንድ ነው፤ ቦኖው ይከፈትልን። እንግዳው የመጡ ዕለት መልሰን ዘግተን፣ መልሰን ተጠምተን እንጠብቃቸዋለን፤ እልልታውንም አናጓድልም።

ዕድሜዎን እንደ ቀጠሮዎ ያርዝምልን፤ ወንበርዎም እንደ ቦኖው በር የጠበቀ ይሁን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ የምነሳው
ደሳለ አዳም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው፣ ዛሬ ጠዋት ሴቶቹ ቁልፉን በመጥረቢያ ፈልቅቀው ቦኖውን ከፈቱት። አባ ወልደ ሩፋኤል ጸሎት አደረሱ፤ የመጀመሪያው ጀሪካንም ባንቺዓለም ቤት ገባ። ትልቁ እንግዳ በተመቻቸው ጊዜ ቢመጡ ደስ ይለናል። ጀሪካናቸውን ግን ይዘው ይምጡ፤ ወረፋቸው ከወይዘሮ ይማርሽ ኋላ ነው።