ሙሉ ወንዝ ለመሻገር የተሠራች መኪና፦ የአቶ ከበበው ማኑሄ የሕይወት ታሪክ

የለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ሰው አቶ ከበበው ማኑሄን ከማየቱ በፊት ይሰማቸው ነበር። መጀመሪያ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ አንድ ሞተር ሁለት ሦስቴ ያስላል። ቀጥሎ በርሜል ደረጃ ላይ የሚንከባለል የመሰለ ጉርምርምታ ይነሳል። ከዚያ ዝም። ዝም ካለ በኋላ ወይ የሳቸው ሳቅ፣ ወይ የወደቀ ካቻቢቴ ይሰማል። በዚያ ድምፅ ልጆች ከእንቅልፋቸው ተነስተውበታል፣ ጎረቤት ተማርሮበታል፣ ሰፈሩም እሁድ መሆኑን አውቆበታል። ድምፁ ከጠፋ ስድስት ዓመት አለፈ። ባለቤቱን ደግሞ ዛሬ እንሸኛቸዋለን።

አቶ ከበበው ከአባታቸው ከአቶ ማኑሄ ድልነሳው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተናኘ ውቤ፣ በሰሜን ሸዋ ከቁንዲ ወንዝ ማዶ በምትገኘው አፋፍ ማርያም በሰኔ ወር 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ቁንዲ በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለሉ የሚያልፉት፣ ክረምት ሲገባ ግን መንደሯን ከሌላው አገር ቆርጦ የሚያስቀር ወንዝ ነው። ነሐሴ ላይ የታመመ እዚያው ይድናል ወይም እዚያው ይሞታል። አቶ ከበበው ፊደል የቆጠሩት በአፋፍ ማርያም ደጅ ሲሆን፣ ዘመናዊ ትምህርት ለመማር ግን ከወንዙ ወዲህ አክስታቸው ዘንድ መኖር ነበረባቸው። ስለዚህም የልጅነታቸውን ክረምት በሙሉ እናታቸውን ሳያዩ ነው ያሳለፉት። ይህንን ብዙ ጊዜ አያነሱትም ነበር።

በ1964 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥተው በቴክኒክ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና ተማሩ። በ1971 ዓ.ም. በአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ጋራዥ በመካኒክነት ተቀጥረው፣ ከተራ ሠራተኛነት እስከ ጋራዥ ኃላፊነት ደርሰዋል። በ1984 ዓ.ም. ከወይዘሮ ፌኔት ቀጄላ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ሚካልንና ኖላዊን ወለዱ። አባታቸው ሲያርፉ እናታቸውን አምጥተው፣ በለቡ መብራት ኃይል በሠሩት ቤት በክብር ጦረዋል። ታናሽ ወንድማቸው አቶ ነጋ ማኑሄም የከባድ መኪና ሾፌር ሆነው ፉሪ ቤት ሠርተው ስለነበር፣ ሁለቱ ወንድማማቾች በልተው የሚያድሩት አንድ ላይ ነው ለማለት ይቻላል።

ወይዘሮ ተናኘ ልጆቻቸውን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። አፋፍ ማርያም፣ ከባላቸው ጎን እንዲቀበሩ። ሁለቱም ልጆች እሺ አሉ።

እሳቸው ግን ያረፉት በ1998 ዓ.ም. በፍልሰታ ጾም፣ ክረምቱ በከፋበት ሰሞን ነው። አስከሬናቸው በአይሱዙ ተጭኖ ቁንዲ ዳር ሲደርስ ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። ማዶ የአፋፍ ማርያም ሰው ጥላና ነጠላውን ይዞ ወጥቷል። ካህናቱም መጥተዋል። መሃል ላይ ውሃው ግንድ እያገላበጠ ይወርዳል። ወዲያና ወዲህ ሆነው ተላቀሱ። የማዶው ለቅሶ ለወዲህኛው አይሰማም፤ እጅ ሲነሳና ሲወድቅ ብቻ ይታያል። አቶ ከበበው እስኪጎድል እንጠብቅ አሉ። አድረው ጠበቁ፤ አልጎደለም። በሁለተኛው ቀን አቶ ነጋ፣ «ጋሼ፣ እማዬ ናት እኮ፤ ዕቃ አይደለችም። ከዚህ በላይ ማቆየት ነውር ነው» አሉ። ከወንዙ ወዲህ፣ ዳገቱ ላይ ባለችው ሥላሴ፣ ከማያውቋቸው ሰዎች መሃል ተቀበሩ። በማግስቱ ጠዋት ወንዙ ጎድሎ ገበያተኛው ጫማውን በእጁ ይዞ ይሻገር ነበር።

አቶ ከበበው ይህን ጠዋት ለራሳቸውም ለወንድማቸውም ይቅር አላሉም።

የእናታቸውን አፅም አንስተው ማዶ ሊያሻግሩ ቆረጡ፤ ባገሩ ልማድ ግን ሰባት ዓመት ያልሞላው አፅም ከማረፊያው አይነሳም። ሰባት ዓመት ለአንድ መካኒክ በቂ ጊዜ ነው። በተከታዩ ዓመት አቶ ከበበው አንድ መሥሪያ ቤት በሐራጅ ካወጣቸው አሮጌ መኪኖች መካከል፣ ሞተሯ የተጣበቀ፣ ወለሏን ዝገት የበላው፣ ጋቢናዋ ውስጥ ዶሮ ፈልፍላበት የነበረች ባለ ረጅም ሻንሲ ላንድሮቨር ገዝተው በሌላ መኪና አስጎትተው ግቢያቸው አስገቡ። ወይዘሮ ፌኔት ከበረንዳው ሆነው አዩዋትና፣ «እኔን ሐና ማርያም እንኳ በመኪና አድርሰኸኝ አታውቅም፤ አሁን በዚች ልታደርሰኝ ነው?» አሉ። አቶ ከበበው ሳቁ። እናታቸው ካረፉ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ ያ ነው።

ሥራውን ሦስት ሰው ያዘው፤ አቶ ከበበው፣ አቶ ነጋ፣ እና ጎረቤታቸው በያጁ አብዶ። እሁድ እሁድ ወንድማማቾቹ ከቅዳሴ ሲመለሱ አብዶ ሲጋራውን አጥፍቶ ይጠብቃቸዋል። የበሰበሰውን ሻንሲ ቆርጠው በአዲስ ብረት ቀጠሉት። የናፍጣ ሞተር ገጠሙላት። ባሌስትራው ላይ የብረት ቅጠል ጨምረው ከፍ አደረጓት፤ ከፍ ስትል ደግሞ መሃል ያለው ዘንግ መንቀጥቀጥ ጀመረና ሁለቴ ተሰበረ፤ እሱንም አስረዘሙት። ሞተሯ ውሃ ውስጥ ሆና እንድትተነፍስ የቧንቧ ብረት ከኮፈኖው ጎን አውጥተው ከጣሪያው በላይ አቆሙላት። አብዶ ይህን ሲበይድ፣ «ጋሽ ከቤ፣ መኪና ነው ጉማሬ የምንሠራው?» ይል ነበር። ሰፈሩም አልማራቸውም። «ኖኅ» አላቸው። ከሱቅ ዳቦ ይዘው ሲመለሱ፣ «ጋሽ ኖኅ፣ የጥፋት ውሃው ዘንድሮ ነው ለከርሞ?» የሚላቸው አይጠፋም። «አንተ ዋና ልመድ ብቻ» ብለው ያልፋሉ።

ክረምት ሲመጣ ፉሪ ዳር፣ ድንጋይ ተፈልጦበት ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ ያስገቧትና ይፈትኗታል። በየዓመቱ የሆነ ቦታ ውሃ ትጠጣለች። ከካምቢዮዋ የሚወጣው ዘይት ከውሃ ተቀላቅሎ ማኪያቶ መስሎ ይወርዳል። አቶ ከበበው ያንን በጣታቸው ነክተው ያዩትና፣ «ገና ናት» ይላሉ። ከኋላ በኩል ግን ለአፅሙ ሳጥን የሚሆነውን ቦታ ገና በመጀመሪያው ዓመት ጨርሰውት ነበር። የእናታቸው አፅም በመንገዱ እንዳይንገጫገጭ ከከመነዳሪ ጎማ ወፍራም ፍራሽ ቆርጠው፣ በዙሪያው በቆዳ ማሰሪያ ሠርተው፣ ማንም ምንም ነገር እንዳያስቀምጥበት ከልክለው ነበር። የመኪና ማንሻ ክሪክ እንኳ አይቀመጥበትም።

ሰባቱ ዓመት በ2005 ዓ.ም. ሞላ። ያኔ የማያውቅ ሰው የሚጠይቀውን የሚያውቁትም ጠየቁ። ጥር ላይ እኮ ማንኛውም መኪና ይሻገረዋል፤ ለምን በበጋ አይሄዱም? መልሳቸው አንድ ነበር። «በበጋማ ፍየልም ይሻገረዋል። እናቴን ያስቀራት ሙሉ ወንዝ ነው፤ ሙሉ እንደሆነ ነው ይዣት የማልፈው።» ንስሐ አባታቸው መከሯቸው። ወይዘሮ ፌኔት አለቀሱ። አቶ ከበበው ከዚህ ንግግር ንቅንቅ አላሉም። ክረምት ሲደርስ ደግሞ መኪናዋ ገና ናት። እንዲህ ሆኖ አንድ ክረምት አለፈ።

በጥር 2006 ዓ.ም. አቶ ነጋ ከመኪናዋ ሥር ወጥተው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ጋሼ፣ በዚህ በጋ እናንሳትና እናሳርፋት። ከዚያ መኪናዋን እንደ ልብህ ሥራት» ብለው ለመኑ። አቶ ከበበው ቀና ሳይሉ የመለሱትን አብዶ ቆሞ ሰምቷል፤ ወይዘሮ ፌኔትም ከማድ ቤት ሰምተዋል። «እዚያ የጣልካት አንተ ነህ። መቼ እንደምትነሳ አንተ አትነግረኝም።»

አቶ ነጋ ከመኪናዋ ሥር ተመልሰው ገቡና የጀመሩትን ቡሎን አጠበቁ። በየካቲት ሁለት እሁድ ቀሩ። ሲመለሱ ጉንፋን ይዞኝ ነበር አሉ። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ አንድም እሁድ አልቀሩም። እንዲያውም ከማንም በላይ የሚሠሩት እሳቸው ሆኑ። ውሃ የሚያስገባውን ቀዳዳ ሁሉ ተከታትለው የደፈኑት፣ የማርሚታውን ጭስ ማውጫ ሽቅብ ያዞሩት እሳቸው ናቸው።

በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ መኪናዋ ከፉሪ ጉድጓድ ወጥታ ዘይቷ ሲወርድ ንጹሕ ሆኖ ወረደ። አቶ ከበበው ዘይቱን በጣታቸው መሃል አሻሹት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ አብዶን አቀፉት። ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ፣ አዲስ የተሠራ ሳጥንና ነጭ አቡጀዲ ጭነው፣ ሰፈርተኛው በር በሩ ላይ ቆሞ እያጨበጨበላቸው፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ወጡ። አቶ ነጋ ከጎናቸው ተቀምጠው ነበር። መንገዱን በሙሉ አለመናገራቸውን አቶ ከበበው ከኀዘን ቆጠሩት።

ሥላሴ ደርሰው የመቃብሩን ቦታ ለማስከፈት የደብሩን መምሬ ጠሩ። መምሬ ቆም ብለው አዩዋቸውና እንዲህ አሉ፤ «ተናኘማ ቤቷ ከገባች ቆየች እኮ። ታናሽህ መጥቶ፣ በየካቲት፣ ወንዙ ደርቆ ሳለ፣ ያገሩ ሰው በሸክም አሻገራት። አልነገረህም?»

አቶ ነጋ ከጋቢና አልወረዱም ነበር።

አቶ ከበበው ተመልሰው መሪውን ያዙና ቁልቁል ወደ ቁንዲ ነዱ። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ማዶ ሰው ተሰብስቦ አትግቡ እያለ እጁን ያወዛውዛል። ገቡ። ውሃው ኮፈኖውን አለበሰው፣ ወደ መስታወቱ ወጣ፤ ሞተሩ በቧንቧው እየተነፈሰ፣ ያችው ጉርምርምታ ሳትቋረጥ፣ ከማዶው አፋፍ ላይ ውሃ እየተፋ ወጣ። ሰው እልል አለ። መኪናዋ የተሠራችበትን አንድ በአንድ ፈጸመች። የምታሻግረው ብቻ አልነበራትም። አቶ ነጋ ከፊት ከፊት ሄደው መቃብሩን አሳዩዋቸው። ከአባታቸው ጎን ነው፤ ኖራ ተቀብቶ፣ ዙሪያው ሣር በቅሎበት፣ እንክብካቤ ሳይጓደልበት የቆየ መቃብር። አቶ ከበበው ተሳለሙትና ባዶውን ሳጥን ለደብሩ ሰጥተው ተመለሱ።

 ለቡ ሲደርሱ አቶ ነጋ በሩ ላይ ወረዱ። አቶ ከበበው መኪናዋን አስገብተው ሸራ አለበሷት፤ ቁልፉን በጓዳው በር ጎን ካለው ምስማር ላይ ሰቀሉት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሞተሯን አላስነሱም፤ ወንድማቸውንም አላናገሩም። ሽማግሌ ገባ፤ አልሆነም። ለሽማግሌዎቹ ያሉት ይህንን ብቻ ነው። «በደለኝ አልልም። ግን ሥራዬን ጨርሶብኛል።» አቶ ነጋም ለምን ሳይነግሯቸው እንደሄዱ፣ ከሄዱም በኋላ ለምን አምስት ዓመት አብረው እንደሠሩ፣ ለሽማግሌም ለማንም አልተናገሩም።

አቶ ከበበው ጡረታ ከወጡ በኋላ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ንጋት ላይ በመኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። ስለ ቀብራቸው ተጠይቀው፣ «እኔን የትም አታጓጉዙኝ። ሐና ማርያም በእግር ይደረሳል» ስላሉ፣ ልጃቸው ሚካል ከምትሠራበት ከጎዴ እስክትደርስ ተጠብቆ ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ በዚያው ይፈጸማል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፌኔት ቀጄላ፣ ልጆቻቸው ሚካል ከበበው እና ኖላዊ ከበበው፣ ወንድማቸው አቶ ነጋ ማኑሄ፣ እንዲሁም እንደ ወንድም ያዩት የነበረው አብዶ ያዝኑላቸዋል። ወንዝ የማይለየው አገር ካለ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን እዚያ ከእናታቸው ጋር ያሳርፍልን፤ ለቀሩትም መጽናናትን ይስጥልን።

ይህ ጽሑፍ በዚህ ያበቃ ነበር። ትናንት ረፋድ ላይ ግን ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ከቤቱ ጓሮ አንድ ሞተር ሁለት ሦስቴ አሳለ።  ከዚያ ጉርምርምታው ተነሳ። አብዶ ሮጦ ሲሄድ ሸራው ተገፍፏል። አቶ ነጋ ከፉሪ ባትሪና አንድ ጀሪካን ናፍጣ ተሸክመው መጥተው፣ ቁልፉን ከምስማሩ አንስተው፣ አስነስተዋታል። እሳቸው ግን የተቀመጡት ያኔ ወደ ቁንዲ ሲሄዱ በተቀመጡበት፣ በሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ ነው። «ጋሽ ነጋ፣ ለቀብሩ እናውጣት?» አላቸው አብዶ። አቶ ነጋ ጥቂት አዳምጠው አጠፏት። ማንም አልሳቀም፤ ምንም ዕቃ አልወደቀም። ወርደው ሸራውን መልሰው ጥግ ጥጉን አሰሩ፤ ቁልፉን ቦታው ሰቀሉ። ወይዘሮ ፌኔት፣ «ነጋ፣ ተቀመጥ እንጂ፤ ወንድምህ እኮ ነው» አሏቸው። አቶ ነጋ ባርኔጣቸውን አደረጉ፤ በድንኳኑ መሃል፣ ሰው እግሩን እየሰበሰበላቸው አልፈው፣ በሩን ሳይዘጉ ሄዱ።