ጊታር ያልተዉት የአቶ ጢሞቴዎስ አሞጽ የሕይወት ታሪክ

አቶ ጢሞቴዎስ ከአባታቸው ከአቶ አሞጽ ደገፉና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፀሐይወርቅ ኃይሌ በ1950 ዓ.ም. በናዝሬት ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው አንዱን ብቻ የማስተማር አቅም ስለነበራቸው ታላቁን አስተማሩ፤ ታናሹ ኖኅ ጋራዥ ገባ። ይህ ለማንም ወቀሳ አይደለም፤ የሆነው ስለሆነ ተጻፈ።

ቦክስ ጊታር ግን ሁለቱም በአንድ ሰሞን ጀመሩ። ዜማው የአቶ ጢሞቴዎስ፣ ማጀቡ የኖኅ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ካናዳ፣ ካልጋሪ ከገቡም በኋላ ያለ እነሱ ሰርግ አይደምቅም ነበር፤ መድረክ ላይ ስሙ የሚጠራው ግን አንዱ ብቻ ነበር። ያኔ ያስተዋውቅ የነበረው ሰው ዛሬም እዚህ ሽኝቱ ላይ ተቀምጧል።

አቶ ጢሞቴዎስ እስከ ጡረታቸው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ሆነው አገለገሉ። በ1986 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሰርክአዲስ ጋር ትዳር መሥርተው፣ ሜይላንድ ሃይትስ በሚገኘው ቤታቸው ልጃቸውን ናሆሚን አሳደጉ። ወ/ሮ ሰርክአዲስ በ2008 ዓ.ም. አረፉ።

በባለቤታቸው ሙት ዓመት ዕለት አቶ ጢሞቴዎስ ጊታር አንሥተው ሲጫወቱ አዳራሹ በለቅሶ ተናጠ። "ስሜት ማለት ይህ ነው" ተባለ። ኖኅ ግን ጆሮ አለው፤ ዜማው መታጠፊያ ላይ በደረሰ ቁጥር ጣታቸው ይስት ነበር። ሰው ሲበተን ወደ ጎን ሳብ አድርጎ፣ "ወንድም ጋሼ፣ መታጠፊያዋን ዛሬ በልተዋታል እኮ" አላቸው። አቶ ጢሞቴዎስ ጊታራቸውን ሻንጣው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ወዲያ በሰው ፊት አልተጫወቱም።

ወሬው የተነሣው ያኔ ነው። "ሐዘንተኛ ላይ ምላሱን ዘርግቶ ጊታር ያስጣላቸው እሱ ነው" ተባለ፤ በየልደቱ፣ በየፓርኪንግ ሎቱ። ያሉት ራሳቸውን ያውቃሉ። ኖኅ "ተቀይመውኝ ነው?" ብሎ ቢጠይቃቸው መልሳቸው "ቆይ" ብቻ ሆነ። ቆይ ማለት ምን ማለት ነው? ይህንኑ ሲያብሰለስል ዓመታት አለፉ።

ጥርጣሬው የመጣው በጥፍር ነው። የግራ እጃቸው ጥፍር ከሥሩ የተቆረጠ፣ የቀኙ ረዘም ብሎ በሞረድ የተስተካከለ ነበር፤ የጊታር ተጫዋች እጅ። ጊታር የተወ ሰው ጥፍር ምን ያደርግለታል? ኖኅ ሌላ አጃቢ ይዘው በድብቅ የሚጫወቱ መሰለው። እሑድ እሑድ ከሚኖርበት ከሳድል ሪጅ እየነዳ በደጃፋቸው ሲያልፍ የማን መኪና እንደቆመ ያይ ነበር። አንድም የቆመ አልነበረም፤ ይህም አላሳመነውም።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጸንቶባቸው ሆስፒታል ሲገቡ፣ ኖኅ አልጋቸው አጠገብ ናሆሚን ፊት ለፊት ጠየቃት፤ "ከማን ጋር ነው የሚጫወቱት?"

"ኖ፣ አንክል፣ ብቻውን ነው። ቤዝመንት ውስጥ፣ ኤቭሪዴይ፣ ላይክ፣ ያንኑ አንድ ቦታ። 'ዳዲ፣ ኢትስ ቢዩቲፉል፣ በቃ' ስለው፣ 'ሌላው አለቀሰ፣ የሰማኝ ኖኅ ነው፤ ሳላስተካክል አልጠራውም' ይለኛል።"

ኖኅ ወደ አልጋው ዞሮ፣ "ተስተካከለ?" አላቸው። አቶ ጢሞቴዎስ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ቀኝ እጃቸውን ወዲያ ወዲህ አወዛወዙ፤ ምንም አይል ማለታቸው ነው።

የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በ67 ዓመታቸው አረፉ። አስከሬኑ ሲሰናዳ ጥፍራቸው ይቆረጥ እንደሆነ ቢጠየቅ፣ ኖኅ "አይነካ፣ ገና ይፈልጉታል" አለ። ጊታር አለመተዋቸውን ያላመነ ሰው ካለ፣ ሳጥኑ ሳይዘጋ ቀርቦ ቀኝ እጃቸውን ማየት ይችላል።

ከኋላቸው ልጃቸው ናሆሚ ጢሞቴዎስና ታናሽ ወንድማቸው፣ አጃቢያቸው ኖኅ አሞጽ ቀርተዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያኑር፤ ሳያለቅስ የሚሰማቸውም አያሳጣቸው።