በአባት ክብር የተሰለፉ ምሩቃን

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6፣ 2014። ጠዋት፣ ባቡር ውስጥ።

ታሪክ ተምሮ ምን ይሠራል? አንተም ሳትጠይቀኝ አልቀረህም ደብተሬ፤ እዚህ ዲሲ ዳር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያልጠየቀኝ የለም። ይኸው መልሱ፦ በቀዩ መስመር ባቡር ሄዶ፣ ወደ ቢጫው ቀይሮ፣ አሌክሳንድሪያ ይወርዳል። ትንሽ የታሪክ መ/ቤት። ጊዜያዊ ነኝ፤ ኮንትራቴ በዚህ ወር ያልቃል። አለቃዬ ሄለን ካላስቀጠለችኝ አባዬ የአይቲ ኮርስ ሊያስመዘግበኝ ፎርም አምጥቷል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦት ወደ ሥራው ሄደ።

አሁን የያዝኩት? የተመረቅኩበት ኮሌጅ፣ ይህች የምንኖርባት አገር ራሷ ሳትወለድ የተከፈተው። የመጀመሪያ ምሩቃኑ ኤግዚቢሽን ቅዳሜ ሳምንት ይከፈታል። የስማቸው ዝርዝር ግድግዳ ላይ ይወጣል። የማዘጋጀው እኔ። እኔ!

ማክሰኞ 7።

የድሮው መዝገብ ቅጂ ደረሰኝ። ስሞቹ በፊደል ተራ አይደሉም። በውጤትም አይደሉም። ሄለንን ጠየቅኳት፤ በአባት ክብር ነው አለች። የባለሥልጣኑ ልጅ ፊት፣ ቀጥሎ የቄሱ፣ ቀጥሎ የነጋዴው። ገበታም ጸሎት ቤትም በዚያው ተራ ይቀመጣሉ። ያጠፋ ከተራው ዝቅ ይደረጋል። መጨረሻ ላይ አቤል የሚባል አለ፣ የቀጥቃጭ ልጅ። ቢያጠፋ እንኳ ዝቅ የሚልበት የለው። ኋላ መምህር ሆኖ የእነዚያኑ ልጆች አስተማረ። ወደድኩት።

እራት ላይ ለአባዬ ነገርኩት።

"ቀጥቃጭ እዚህም ይናቃል በይኛ" አለ።

እኔስ የት እሰለፍ ነበር አልኩት። እሱ ዲሲ ፓርኪንግ ነው የሚሠራው፣ ቢ ስሪ በሚሉት ሦስተኛው ምድር ቤት።

"አንቺማ ከሕንጻው ሥር፣ ቢ ስሪ ላይ። ያውም ቦታ ከተገኘ።"

ሳቅን። እሱ ግን ቶሎ አቆመ።

ሐሙስ 9።

ዝርዝሩን በፊደል ተራ ደርድሬ ለአታሚው ላክኩ። ሄለን ሳታየው። አንቺ ካየሽው ይበቃል አለችኝ። ቀኑን ሙሉ መሬት አልነካሁም።

ዓርብ 10። ጠዋት፣ ባቡር ውስጥ።

ወይኔ። አታሚው ናሙናውን ልኮ ስልኬ ላይ ከፈትኩት። ጆኖች ሁሉ እድርተኛ ይመስል አንድ ላይ ተደርድረዋል። ወንድማማቾች ተበታትነዋል። በራስ ስም ነው የደረደርኩት! እንደኛ። አገር ቤት የስልክ ማውጫው እንኳ እንደዚያ አይደል? ቅዳሜ ሳምንት የልጅ ልጅ ልጆቻቸው መጥተው የቤተሰብ ስም ሊፈልጉ ነው።

የሚታተመው ሰኞ። ፋይሉን ዛሬ ብቀይረው ሄለን አታውቅም። ኮንትራቴ አልተፈረመም። ዝም ልበል?

ግን አናቱ ላይ ማን አለ? አቤል። ከመጨረሻ ተነስቶ ከሁሉም ፊት። ይሄን እንዴት ልደብቅ።

እዚያው ቀን፣ ከሰዓት።

ወረቀት ላይ አትሜ ሄለን ፊት አስቀመጥኩት። ስህተቴ ነው አልኩ። ምክንያቱንም፦ እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም፤ ሰው በራሱ ስም ይጠራል፣ የአባቱ ይከተለዋል። መነጽሯን አወለቀች።

ከዚያ ዋናው ዝርዝር በቤተሰብ ስም ይስተካከል፣ ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን አለች። ቆጣ ብላ። በሩ ጋ ስደርስ መለሰችኝ። ትይዩው ግድግዳ ላይ የድሮው ተራና ያንቺ ተራ ጎን ለጎን ይሰቀሉ፤ ማብራሪያውን አንቺ ጻፊ፣ ስምሽን ከሥሩ አድርጊ። ስለ ኮንትራቱ ጽሑፉን አይቼ እወስናለሁ አለች።

ረቡዕ 15።

አነበበችው። አንድ መስመር ሰረዘች፣ ስለ ራሴ የተኩራራሁባትን። ልክ ናት። አባቴ መኪና ያቆማል የምትለዋን አልነካችም። ኮንትራቱንም ፈረመች። አንድ ዓመት!

ለአባዬ ነገርኩት። "ፓርኪንጉንም ጻፍሽው?" አለ። ጻፍኩት አልኩ። ቅዳሜ ና አልኩት። ጫማውን ሲወለውል ቆየ። ቅዳሜ ሽፍት አለኝ አለ። ሽፍት ነው ወይስ እነዚያ እንግዶች ፊት መቆም ከብዶት? አልጠየቅኩም።

ሐሙስ 16። ከሥራ በፊት።

ወሰንኩ። ያለ እሱ በበሩ አልገባም። ፍሪጁ ላይ የምለጥፈው ይሄ ነው፦

"አባዬ፣ ቅዳሜ ከቀኑ አስር ሰዓት፣ አሌክሳንድሪያ። ከጽሑፉ ሥር ስሜ አለ፣ ያንተም ተከትሎት። ሽፍትህን ለሰው ስጥና አብረን እንግባ። ትመጣለህ? እዚሁ ወረቀት ላይ ጻፍልኝ።"